ካባው የታጠፈባት ቦታ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሚስቴ «ከየስብሰባው እየመጣህ ራት ላይ ስብሰባውን እንደገና ከምታካሂድብን፣ ጽፈህ ተገላገል» አለችኝ። ይኸው ጀመርኩ።

ዛሬ ወንበሮቼ በሙሉ ወጡ። ከሠርግ ወራት ውጭ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ምክንያቱ በሮቹ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገደል ላይ፣ ጥንት ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው በር በር የሚያካክሉ ቅርጾች ጠርቧል። መቃን አላቸው፣ ደፍ አላቸው፤ ግን አይከፈቱም፣ ድፍን ዐለት ናቸው። ከሥራቸው አሮጌ መቃብሮች አሉ። መሬቱ የመንግሥት ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ እንጨት ይለቀምበታል፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ ድንጋይ ይፈለጣል። አሁን የፌዴራል መንግሥት ቦታውን በሕግ ከልሎ በቅርስነት ሊይዘው አስቧል። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ይከለል» ይላል፣ ሌላው «ከእጃችን አይወጣም» ይላል። ሁለቱም ወንበር፣ ድንኳንና ማይክ የሚከራዩት ከእኔ ነው።

የእኔ አቋም? የለኝም። ድምፅ ማጉያ አቋም የለውም፤ የሰጡትን ያጎላል።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የ«ይከለል» ወገኖች ስብሰባ። መሪያቸው ጡረታ የወጡት መምህርት ናቸው። ማይኩን እንደ ጠመኔ ነው የሚይዙት፤ አንዳንዴ አየሩ ላይ ሊጽፉበት ይቃጣቸዋል። «ድንጋዩን ለሽያጭ እያወጣን ከቀጠልን የልጅ ልጆቻችን በሮቹን በፎቶ ብቻ ነው የሚያዩዋቸው» አሉ። ጭብጨባ።

አንድ ከብት አርቢ ከኋላ ተነሣ። «አጥረው ቁልፉን ይዘውት ይሄዳሉ! ላሜ ሣር ለመጋጥ ለፌዴራል ማመልከቻ ልታስገባ ነው?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሰውየው ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ እሱ አልሳቀም ነበር። የምሩን ኖሯል። ባልሳቅሁ።

ለመምህርቷ አዲሱን ማይክ የሰጠኋቸው አሮጌው ስለሚያፏጭ ነው። ሚስቴ ግን ሌላ ነገር እንዳሰበች ከፈገግታዋ አውቄአለሁ።

የካቲት 9፣ እሑድ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም መጣ። ከተማው መዶሻ ነው የሚለው፤ የድንጋይ ካባው የሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ዳማ እንጫወታለን። ይሸነፋል፣ ይቆጣል፣ ሰኞ ደግሞ ከባዱን ስፒከር እንደ ሕፃን አቅፎ መኪና ላይ ይጭንልኛል።

ዘንድሮ «ከእጃችን አይወጣም» የሚሉት ሰዎች አፈ ጉባኤ እሱ ሆኗል። ሚስቴ ደግሞ የመምህርቷ ቀኝ እጅ ናት። ገበታ ላይ እህትና ወንድም ተያያዙ።

«ጋሼ፣ ድማሚቱ በሮቹን እያነቃነቃቸው ነው።»

«እኔ ከበሮቹ ጋ አልደርስም።»

«ዛሬ አልደረስክም። ነገስ?»

«ነገን ለእኔ ተይልኝ።»

አማቴ፣ የሁለቱ እናት፣ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው ሲነጋገሩ ወጡን አየት አድርገው «ይቀዘቅዛል፤ ብሉ» አሉ። ሁለቱም በሉ። አማቴ ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የፌዴራሏ የቅርስ ባለሙያ ገደሉ ሥር ሕዝብ ብትሰበስብ ድምፅ ይሰማ እንደሆን ለማየት ይዛኝ ሄደች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ግን የአዛውንት ገበሬ ጫማ ነው። እኔ ስፒከሩን ሳዟዙር እሷ ካርታ ዘርግታ ከካባው ጋር ታስተያያለች።

«እዩት» አለችኝ፤ «የካባው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይመጣና እዚህ ጋ እንደ ክንድ ይታጠፋል፤ አልፎ ሄዶ ደግሞ ይቃናል። ለምንድን ነው?»

«ድንጋዩ መናኛ ሆኖ ይሆናላ።»

ሄዳ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችው። ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ። «ከሁሉ የተሻለው ድንጋይ ይሄ ነው» አለች።

እኔ ስለ ድንጋይ ምን አውቄ። ድምፁ ግን እውነትም ጥሩ ነበር።

በሮቹን ከቀረብኳቸው ብዙ ጊዜዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ሲመታቸው የመቃናቸው ጥላ ይወጣና ገርበብ ያሉ ይመስላሉ። ዝም ብዬ ቆሜ ቆየሁ። ባለሙያዋ «ጨረሱ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ገመድ እያደረቅሁ ነው አልኳት። ገመዱ ደረቅ ነበር።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሩጫ። ጄኔሬተሩ አስነጠሰና ዝም። ከጎረቤት ተለመነ። ድንኳኑን ነፋስ ሊወስደው። ዛሬ የእነ መዶሻ ተራ። «መሬቱን ለእኛ ተዉልን፣ እኛው እንጠብቀዋለን» አለ። ጥሩ ተናገረ። ትናንት መምህርቷም ጥሩ ተናገሩ። ሁለቱም እውነት ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? ወንበር ይቆጥራል። አንድ ተሰብሯል።

የካቲት 23፣ እሑድ

መዶሻ አልመጣም። ባለፈው ስብሰባ ከእህቱ ጋር በሰው ፊት ተነካክተው ነበር። ምንም አይደለም፤ ይብረድለት። እኔም ዕረፍት አገኘሁ። ዳማውን አውጥቼ ሁለቱንም ወገን እኔው ተጫወትኩ። ተሸነፍኩ።

ቤቱ ጸጥ ሲል እንዴት ደስ ይላል። ሚስቴ «ስንቴ ነው በር የምትከፍተው? ብርዱ ይገባል» አለችኝ። ድመት የመጣ መስሎኝ ነው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ራት ላይ አማቴ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «የፌዴራሎቹ ትልቁ ስብሰባ መቼ ነው?» አሉ።

«ቅዳሜ፣ መጋቢት 13» አልኩ።

«እኔም እናገራለሁ።»

ሚስቴ ትን አላት። «እማዬ፣ አንቺ? ምን ልትዪ?»

«ያን ዕለት ትሰሚያለሽ።»

ሚስቴ አመሻሹ ላይ በደስታ መቀመጥ አቃታት። ለመምህርቷ ደወለች። «እናቴ እኛን ልትደግፍ ነው» ማለቷን ሰማሁ። አማቴ ግን እንዲያ አላሉም። የሰማሁትን በደንብ ነው የምሰማው፤ ሥራዬ ነው። ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እንጃ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መዶሻ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ከገባ ጀምሮ አልተቀመጠም። አንዱን ገመድ አንሥቶ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«እናቴ እንደምትናገር ሰማሁ።»

«ይላሉ።»

«ማይክ ይበላሻል አይደል? ያለ ነገር ነው።»

ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

«ስሟን ሲጠሩ አንዲት ደቂቃ ዝም ይበል። ድምጿ ደካማ ነው፤ ሰው ‹አይሰማም› ይላል፣ ትቀመጣለች፣ አለቀ። የማንም ጥርስ አይነቀልም። አማቼ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

«ምን እንዳይሉ ፈርተህ ነው?»

«ለራሷ ነው የምፈራው። ትታመማለች።» ይህን ሲል ግን ዐይኑ እኔ ላይ አልነበረም።

«እናያለን» አልኩት።

አቀፈኝ። እንደዚያ አጥብቆ አቅፎኝ አያውቅም። እናያለን ማለት እሺ ነው እንዴ? ለሱ እሺ ሆነ። እኔ እናያለን ነው ያልኩት። እናያለን ያለ ሰው ቃል አልሰጠም።

ሰጥቷል። ራሴን ማታለል ምን ያደርጋል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አማቴ ማይክ እንዳለማምዳቸው ጠየቁኝ። ጓሮ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። ድምፃቸው በእርግጥ የርግብ ነው።

«እንዲህ ነው የሚያዝ?»

«ትንሽ ወደ አፍዎ ያስጠጉት፣ እማማ።»

«ቢርቅብኝስ? እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ቢርቅም እኔ ከወዲያ ከፍ አደርገዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ፤ አንተ ካለህ።» ከዚያ «ሄሎ» አሉና በስፒከሩ ራሳቸውን ሲሰሙ እንደ ልጅ ሳቁ። የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ ሸሹ።

ዶሮዎቹን ባገኘሁና አብሬ በሸሸሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሚስቴ፣ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፦ «ጋሼ መጋዘን መጥቶ ነበር አይደል?»

«ድንኳን ሊያይ።»

«እሱ ድንኳን ምን ያደርግለታል?»

«ለሠራተኞቹ ጥላ ነገር።»

ምስሯን ለቀመች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሁሉም ተጭኗል። ሚክሰሩ፣ ስፒከሮቹ፣ ሁለት ትርፍ ማይክ። ነገ «ተበላሸ» ብል መለዋወጫ እንዳለኝ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ሁለቱንም ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩ እንጃ። ልማድ ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ ማታ

እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። መድረኩ ላይ ከፌዴራል የመጡት ሦስት ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ ባለሙያዋ ከጎናቸው። መምህርቷ ተናገሩ። ከብት አርቢው ተናገረ፤ ዛሬ ማንም አልሳቀበትም። መዶሻ ተናገረ። «ሠላሳ ቤተሰብ ከካባው ይበላል። ሕግ ስታወጡ እነሱን ከየት ጻፋችኋቸው?» አለ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ማስታወሻ ያዘ።

ከዚያ አማቴ ተጠሩ። ሚስቴ ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። መዶሻ በግራ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየኝ፤ ራሱን ነቀነቀ። ጣቴ የድምፁ ማስተካከያ ላይ ነበር፤ ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው። ከዚያ ቀላል ሥራ የለም።

አማቴ ማይኩን ያዙ። ማይኩ ከአፋቸው ራቀ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልተሰማም። ከኋላ «አይሰማም!» አሉ። አማቴ መዶሻን አላዩም፣ ሚስቴን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። አልተጨነቁም። አዎ፣ አሁን ከፍ ያደርገዋል ብለው ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ከፍ አደረግሁት። እስከ መጨረሻው።

«እኔ ከማንኛችሁም ወገን አይደለሁም» አሉ። ትንፋሻቸው ሳይቀር አዳራሹን ሞላው። «በዚያ በክፉው ዘመን ከቀያችን ተሰደን ስንመጣ ዝናም ነበር። ገደሉ ሥር ገባን። ምጥ እዚያ ያዘኝ። መንታ ተገላገልኩ። ወንዱ ይኸው ቆሟል፤ እናንተ መዶሻ የምትሉት። ሴቷ ሌሊቱን አልዘለቀችም። ከሁለተኛው በር ሥር ቀበርናት።»

ሚስቴ አፏን በእጇ ያዘች፤ እሷም የምትሰማው ገና ዛሬ ነው።

«ልጄ አድጎ ድንጋይ መፍለጥ ሲጀምር የት ጋ እንደሆነች አሳየሁት። ለማንም አትንገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ካባው እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል። ሠራተኞቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ያንን የመሰለ ድንጋይ ትቶ ነው ዞሮ የሚያልፈው። እና ያ ቦታ ጠባቂ የለውም አትበሉ። ነበረው። ከእናንተም ከመምህርቷም በፊት ነበረው።»

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ።

«ግን አንድ ሰው ነው። ያረጃል። ነገ ካባውን ለሌላ ይለቀዋል። የሚገዛው ሰው ምን ብሎ ይታጠፋል? በዚያ ላይ እዚያ የተኛችው የእኔ ብቻ አይደለችም። የሌሎቹን ማን ይዞርላቸዋል? ስለዚህ በሕግ ይጻፍ። ከብቱንም አታባርሩ፤ ያን ጊዜ ወተት ያቀመሱን እዚያ የሚያግዱ ሰዎች ናቸው። ልጄንም በሮቹን አጠፋ አትበሉት። ጨርሻለሁ።»

ማይኩን ወደ እኔ ዘርግተው «በዚህ ነው የሚዘጋ?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ሰው የሳቀውም ያለቀሰውም።

ወደ ግድግዳው ዞር ስል መዶሻ የለም።

ዝም ባስብለው ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? እንዲያው ደህና አደረግሁ። ደህና አድርጌአለሁ። ግን ለምኖኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አልመጣም።

መጋቢት 21፣ እሑድ

አልመጣም። ሚስቴ አንድ ጊዜ ሄዳ አየችው፤ ብዙ አልተጫወቱም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ አለች። «እህት ነበረችን» ብላ ማታ በተኛንበት ነገረችኝ፤ እኔ ያልሰማሁ ይመስል። ይሁን ብዬ እንደ አዲስ ሰማኋት።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አልቻልኩም፤ ካባው ድረስ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ። መዶሻ መታጠፊያዋ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ቃሌን አፍርሻለሁ» አልኩት።

«እናያለን ነበር ያልከው።»

«ያው ነው።»

«ያው ነው» አለ። «ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ። ምን ዋጋ አለው! ያንተ ስፒከር እስከ መኪና ማቆሚያው ይሰማል። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

«ጥሩ ስፒከር ነው።»

«ሠራተኞቼ ፊት እንዴት እቆማለሁ ብዬ ነበር። ድማሚት የሚያፈነዳ ሰውዬ፣ ለአንዲት ቀን ሕፃን ዞሮ የሚሄድ… ይስቁብኛል ብዬ። ማግስቱን ስመጣ ዙሪያዋን በድንጋይ ከበዋት አገኘሁ። ማንም አላዘዛቸውም።»

ቦታዋን አየኋት። ከአንድ የሕፃን አልጋ አትበልጥም። ምሳውን አካፈለኝ። ጨው በዝቶበታል፤ ጣፍጦኝ በላሁ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ውሳኔው መጣ። በሮቹና መቃብሮቹ በፌዴራል ሕግ ተከለሉ። አጥር የለም። ታችኛው ሜዳ ላይ ከብት እንደ ድሮው ይግጣል። ካባው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ማዶው ጉብታ ይዛወራል፤ ሠራተኞቹ እንዳሉ። ቦታውን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ እኩሌታው ከዚህ ከተማ ይሆናል።

መምህርቷ «ሙሉ አይደለም» አሉ። ከብት አርቢው «ወረቀት ስላየሁ ብቻ አላምንም» አለ። ሁለቱም ግን ፊታቸው የሠርግ ቤት ፊት ነበር። እኔ አቋም የለኝም። ሚስቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ለምን እንደዋልኩ ጠየቀችኝ። ሌላው ታጥቦ ነው።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ባለሙያዋ መዶሻ ቤት ሄዳ ለተከለለው ቦታ ወሰን የሲሚንቶ ምሰሶ የሚያቆም ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ጮኸባት አሉ።

«ሲሚንቶ? በሮቹ ሥር ሲሚንቶ? ነውር አይደለም እንዴ! እኔ እጠርብላችኋለሁ።»

እሷም ሳቋን ይዛ «እንዳሉ» አለችው። መጀመሪያውኑ ይህን እንዲል ፈልጋ የሄደች ይመስለኛል። ብልጥ ናት።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ዛሬ የመጀመሪያው የወሰን ድንጋይ ቆመ። መዶሻ እናቱን በጭነት መኪናው ጋቢና አስቀምጦ፣ እኔንና ሚስቴን ከኋላ ጭኖ ወሰደን። አማቴ ከዚያን ዘመን ወዲህ ቦታውን ሲረግጡት ሁለተኛቸው ነው። ጠዋቱ ደመናማ፣ ለስላሳ ነበር። ላሞች ከሜዳው ቀና ብለው አይተውን ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

ድንጋዩን እኔና መዶሻ በገመድ ይዘን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባነው። ሚስቴ አፈር መለሰች። ለዘመናት እዚያው የኖረ መሰለ። አማቴ ከሁለተኛው በር ትይዩ ባስቀመጥንላቸው ወንበር ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩናል።

መዶሻ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሄደና አጠገባቸው ቆመ። ሊናገር ፈልጎ ሲያመነታ አየሁት።

«እማዬ» አለ፤ «ስም አውጥታችሁላት ነበር?»

አማቴ ቀና ብለው አዩት። «ይህን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያህ ነው።»

«እኮ።»

«ነበራት።» ጎንበስ እንዲል በእጃቸው ጠሩት። ያ ሰውዬ፣ ያ ተራራ፣ ተንበረከከ። ጆሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንዲት ነገር አሉት።

ሚስቴ ዞር ብላ «ሰማህ?» በሚል ዐይን አየችኝ። ከእነሱ እርምጃ ባልበለጠ ቦታ ነበርኩ። አልሰማሁም። አልጠየቅሁምም።

መዶሻ ተነሥቶ መሮውን አነሣና ለሁለተኛው ድንጋይ ቁጭ አለ። ሚስቴ ውሃ ልትሰጠው ብትቀርብ ቀና አላለም። በየምቱ መሐል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።